በቀትር የሚወጣው እጭ



በቆላ ወንዝ ዳር ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ውሃው ሰው አያጣም። ልጆች ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ ጥለው ይዘላሉ፤ እናቶች ያጥባሉ፤ አትክልተኛው ቦዩን ሊከፍት እስከ ጉልበቱ ይገባል፤ እረኛው ከብቱን ያጠጣል። በዚሁ ሰዓት በውሃው ጠርዝ፣ በቅጠልና በድንጋይ ላይ ከተለጠፉ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ለዓይን የሚያስቸግሩ ባለጭራ እጮች ይወጣሉ። ሰርካሪያ ይባላሉ፤ የሚፈልጉትም የሰው ቆዳ ነው። ካገኙት በደቂቃዎች ውስጥ ጭራቸውን ጥለው ይገባሉ። ከሳምንታት በኋላ በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ጎልማሳ ትል ሆነው፣ ወንዱ ሴቷን አቅፎ፣ እንቁላል ሲጥሉ ይገኛሉ። በሽታው ቢልሃርዚያ ነው።

ሰዓቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እጩ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ነው። በዚያ ሰዓት የሚወርደው የአልትራቫዮሌት ጨረር ከቀኑ ሁሉ የበረታ ነው፤ ይህ ጨረር ደግሞ የሕያው ፍጡርን ሁሉ ዲኤንኤ ያበላሻል። ሰርካሪያ ከነጭራው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሰውነቱ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከላዩ ዛጎል የለው፣ ቅርፊት የለው። ታዲያ ራሱን ለአደጋ በሚያጋልጥበት ሰዓት ለምን ይወጣል? ወጥቶስ እንዴት ይተርፋል? የዛሬው ዲስኩር በዚህ ጥያቄ ይጀምራል። መልሱም ከላቦራቶሪ አልፎ ልብስ የሚታጠብበትን ሰዓት፣ የመስኖ ቦይ የሚጠረግበትን ወቅትና በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ክኒን ሳይቀር ይነካል።

ለምን በቀትር ይወጣል ለሚለው የተሻለው መልስ ሰው በቀትር ውሃ ውስጥ ስለሚገኝ ነው። በካሪቢያን ባሕር ባለችው የጓዴሎፕ ደሴት ይኸው የቢልሃርዚያ ዝርያ ከሰው ሌላ በአይጥ ውስጥም ይኖራል። አይጥ ወደ ውሃ የሚወርደው ሲመሽ ነው፤ በአይጥ የሚኖሩት ትሎች እጮችም ከቀንድ አውጣዋ የሚወጡት ወደ ማታ ነው። ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ይህ የሰዓት ልዩነት በዘር የሚተላለፍ ነው። የሰው ትል ፀሐይዋን ችሎ መውጣትን ከነጉዳቱ የወረሰው ከአያት ቅድመ አያቶቹ ነው።

ይህ ትል ከጠፍጣፋ ትሎች ወገን ነው። ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያውቀው ኮሶም ከዚሁ ወገን ነው፤ በእርድ ጊዜ ከከብት ጉበት የሚወጣው ቅጠል መሳይ የጉበት ትልም እንዲሁ። የሚያመሳስላቸው ሰውነታቸው ነው። ሳንባ የላቸውም፤ ደም ሥርና ልብ የላቸውም፤ ኦክሲጅን በቀጥታ በቆዳቸው ይሰርጋል። በአካባቢያቸው ያለው ሁሉ፣ ጨረርም ሆነ መርዝ ወይም የብረት ብናኝ፣ ወደ ውስጣቸው ለመድረስ ረጅም መንገድ የለበትም።

የይፋት ቆላዋ ከተማ ሸዋ ሮቢት ለእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ የተመቸ ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገደኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማ በር አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለቱን ወርዶ ሲደርስባት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ብርዱ በአንድ ሰዓት መንገድ ሙቀት ይሆናል። በኢትዮጵያ የአንጀት ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው ባብዛኛው ከ1,000 እስከ 2,200 ሜትር ባለው ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ ብርዱ ቀንድ አውጣዋንም በውስጧ የሚያድገውንም ትል ይይዛቸዋል። ከተራራው የሚወርዱት ሮቢና ጀውሃን የመሳሰሉ ወንዞች በዚሁ ከፍታ ላይ ይረጋጋሉ፤ ወደ ሽንኩርቱ፣ ወደ ቲማቲሙ፣ ወደ ማሳው ይጠለፋሉ። ሸዋ ሮቢትም ሆነች ወደ ሰሜን ያለችው ከሚሴ የአንጀት ቢልሃርዚያ በምርምር ከተመዘገበባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው። ተሸካሚዋ ቀንድ አውጣ ሳይንሳዊ ስሟ ቢዮምፋላሪያ ፋይፈሪ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃና አረንጓዴ ነገር ትወዳለች።

ደግሞ ፀሐይዋ። ሸዋ ሮቢት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንታትና በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ፣ ፀሐይ በቀትር በቀጥታ አናቷ ላይ ትቆማለች። ያኔ ሰው ሲቆም ጥላው እግሩ ሥር ነው። ያ ብርሃን ሰርካሪያን ምን ያደርገዋል?

ከፀሐይ ጨረር ለዲኤንኤ ቀንደኛው ጠላት አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ክፍል ነው። ዲኤንኤ ጥንድ ሆነው በተጠመጠሙ ሁለት ረጃጅም ሰንሰለቶች ላይ የተደረደሩ እንደ ፊደል የሚነበቡ አራት ዓይነት ሞለኪውሎች አሉት፤ ከአራቱ አንዱ ታይሚን ይባላል። ሁለት ታይሚኖች ጎን ለጎን ባሉበት ቦታ ጨረሩ ሲያርፍ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። በሸማኔ ጉድጓድ ሁለት የድር ክሮች ተጣብቀው መወርወሪያው እንደሚሰናከል፣ ዲኤንኤውን የሚያነበውና የሚቀዳው ኢንዛይምም እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ቆሞ ከቀረ ህዋሱ ሊባዛ አይችልም። ዘሎ ካለፈ ደግሞ የተሳሳተ ፊደል ሊያስገባ ይችላል፤ ያ ስህተት ከዚያ በኋላ በየቅጂው ይወርዳል።

ጠፍጣፋ ትል እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ህዋሶቹ የተጣበቀውን ቁራጭ ቆርጠው አውጥተው በትክክለኛው የሚተኩ ኢንዛይሞች አሏቸው። በብዙ ፍጡራን ዘንድ ደግሞ ከዚህ የሚገርም ሌላ የጥገና መንገድ አለ፤ ፎቶላይዝ የሚባለው ኢንዛይም የሚታየውን የፀሐይ ብርሃን ጉልበት ተጠቅሞ ሁለቱን ታይሚኖች ያላቅቃቸዋል። ሰው ይህ ኢንዛይም የለውም። በአሜሪካ የተሠሩ ሙከራዎች የቢልሃርዚያን ሚራሲዲየም፣ ማለትም ከእንቁላል የሚፈለፈለውንና ቀንድ አውጣ ፍለጋ የሚዋኘውን ጸጉራም እጭ፣ በአልትራቫዮሌት ቢ ካቆሰሉት በኋላ በሚታይ ብርሃን ውስጥ ሲያስቀምጡት ጉዳቱ ቀለል ማለቱን አሳይተዋል። ያቺው ፀሐይ በአንዱ ጨረሯ ታቆስለዋለች፣ በሌላው ትጠግነዋለች። ጨለማ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጨረር የሚለቅ መብራትና የሮቢ ወንዝ ቀትር አንድ የማይሆኑትም ስለዚህ ነው።

ከጥገናው በላይ ለእጩ የሚጠቅመው ግን ውሃው ራሱ ነው። አልትራቫዮሌት ቢ በጠራ ውሃ ውስጥ ርቆ ይገባል፤ በደፈረሰ ውሃ ግን ጭቃውና የበሰበሰ ቅጠል የለቀቀው ቡናማ ቀለም ከላይ ከላዩ ይውጠዋል። ከይፋት ቁልቁለት የሚወርድ ውሃ በዝናብ ወራት ምን እንደሚመስል የአካባቢው ሰው ያውቃል። ሣር በለበሰ ቦይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በቅጠል ግርጌ ያለ እጭ የቀትሩን ጨረር እምብዛም አያገኘውም። በበጋ ወንዙ ቀንሶ፣ ውሃው ጠርቶ፣ በየጉድጓዱ ሲቀር ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ «የቆላ ፀሐይ ሁሉን ይገድላል» የሚለው አነጋገር ግማሹ እውነት፣ ግማሹ አደገኛ ነው።

ሙቀትን ከጨረር ለይቶ ማየት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። በ30 ዲግሪ አካባቢ ያለ የውሃ ሙቀት ዲኤንኤን አይበጥስም። የሚያደርገው የእጩን ኑሮ ማፍጠን ነው። ሰርካሪያ አፍ ቢጤ ቢኖረውም አይበላም፤ ከቀንድ አውጣዋ ይዞት የወጣውን ስንቅ፣ ግላይኮጅን የሚባለውን የተከማቸ ስኳር፣ ሲጨርስ ይሞታል። ዕድሜው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ያጥራል። ይህን ሐሳብ አድማጭ ይያዘው፤ ወደ መጨረሻው ላይ ለቤት ውስጥ ውሃ ይጠቅማል።

ጥገኛውን ትል በሚገባ ለመረዳት ተመራማሪዎች ጥገኛ ወዳልሆነው ዘመዱ ይሄዳሉ። ፕላናሪያ በወንዝና በምንጭ ድንጋይ ሥር በነፃ የሚኖር ጠፍጣፋ ትል ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካዊው ቶማስ ሀንት ሞርጋን ፕላናሪያን እየቆራረጠ ከሙሉው አካል 279ኛ እጅ የምታህል ቁራሽ እንኳ ሙሉ ትል ልትሆን እንደምትችል ጻፈ። ጭንቅላት የሌለው ቁራሽ ጭንቅላት ያበቅላል፤ ጭራ የሌለው ጭራ። ከዚያ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1904፣ ባርዲንና ቤትየር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ፕላናሪያን በኤክስሬይ መትተው ይህ ማቆጥቆጥ እንደሚቆም አስታወቁ። ዲኤንኤ የዘር ተሸካሚ መሆኑ ገና ባልታወቀበት ዘመን፣ ጨረር በጠፍጣፋ ትል ውስጥ አንድ ወሳኝ ነገር እንደሚያጠፋ አይተው ነበር።

ያ ነገር ኒዮብላስት የሚባሉት እናት ህዋሶች ናቸው። በትሉ ሰውነት ተበትነው ይኖራሉ፤ የሚባዙት እነሱ ብቻ ናቸው፤ ቆዳውም ጡንቻውም ነርቩም ከእነሱ ይተካል። የሚባዛ ህዋስ ዲኤንኤውን መቅዳት ስላለበት ለጨረር ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይጋለጣል። በኤክስሬይ የተመታ ፕላናሪያ ወዲያው አይሞትም፤ ይንቀሳቀሳል፤ ደህና ይመስላል። ነገር ግን ያረጀውን ህዋስ የሚተካ ስለሌለው በሳምንታት ውስጥ ከጭንቅላቱ ጀምሮ እየከሰመ ያልቃል። በ2011 ዋግነር፣ ዋንግና ረዲየን የተባሉ ተመራማሪዎች በማሳቹሴትስ ያደረጉት ሙከራ ይህን በማያሻማ መንገድ አሳየ፤ ኒዮብላስቶቹ በሙሉ በጨረር ወደጠፉበት ትል አንዲት ጤነኛ ኒዮብላስት ብቻ አስገቡ፤ እሷ ተባዝታ ትሉን መለሰችው። ከዚህ ዲስኩር እይታ አንፃር በመስኩ ከተሠሩ ሙከራዎች ይህን የሚያህል የለም። የአንድ ጠፍጣፋ ትል ዕጣ የሚወሰነው ስንት ህዋስ በመቁሰሉ ሳይሆን፣ ዲኤንኤዋ ያልተነካ አንዲት እናት ህዋስ በመትረፏ ነው።

በ2013 ኮሊንስና ባልደረቦቹ በጎልማሳው የቢልሃርዚያ ትል ውስጥም ተመሳሳይ እናት ህዋሶች መኖራቸውን አሳዩ። ይህ ትል በሰው ደም ውስጥ ለዓመታት፣ አልፎ አልፎም ለአሥርት ዓመታት፣ የሚኖረው እንዴት እንደሆነ ብዙ ሲጠየቅ ኖሯል። ከመልሱ አንዱ ክፍል ይኸው ነው፤ የሰው የመከላከል ኃይል የሚደበድበው የውጭ ቆዳው ከውስጥ በእነዚህ ህዋሶች ያለማቋረጥ ይታደሳል።

ፕላናሪያ ለሌላም ነገር ይጠቅማል፤ የውሃን ብክለት ለመለካት። ከትሉ የተወሰዱ ህዋሶች በስስ ጄል ውስጥ ተዘርግተው የኤሌክትሪክ ኃይል ሲለቀቅባቸው ያልተነካው ዲኤንኤ ባለበት ይረጋል፤ የተበጣጠሰው ግን ወደ አንድ ወገን እየሸሸ ጭራ ይሠራል። ጭራው በረዘመ መጠን ጉዳቱ ከፍ ያለ ነው። ዘዴው በጅራታም ኮከብ ስም ይጠራል። በብራዚል የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2001 ባወጡት ጥናት ፕላናሪያን በመዳብ ሰልፌት ውስጥ አቆይተው፣ መዳቡ በጨመረ ቁጥር የዲኤንኤው ጭራ መርዘሙን መዝግበዋል። መዳብ በህዋስ ውስጥ ከኦክሲጅን ውላጆች ጋር ተገናኝቶ ኃይለኛ በጥባጭ ሞለኪውሎችን ስለሚፈጥር ነው።

ይህ ጉዳይ ለመስኖ አገር ሩቅ አይደለም። መዳብ ሰልፌት በግብፅና በሱዳን የመስኖ ቦዮች ቀንድ አውጣ ለመግደል ለብዙ ዓመታት ተረጭቷል፤ መዳብ ያለባቸው የፈንገስ መድኃኒቶችም በዓለም ዙሪያ በአትክልት እርሻ ላይ ይውላሉ። ቀንድ አውጣዋን የሚገድል መጠን ዓሣውንም፣ ጉዳት የሌለውን ፕላናሪያንም፣ በውሃ ግርጌ የሚኖረውን ትንኝና ነፍሳትም ይነካል። አነስ ያለ መጠን ደግሞ ሳይገድል ዲኤንኤን እያቆሰለ ይቀራል፤ ብረት ስለሆነ በደለሉ ውስጥ ይከማቻል እንጂ አይበሰብስም።

ከዚህ ጋር የኢትዮጵያዊው አክሊሉ ለማ ሥራ አብሮ መነሳት አለበት። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቢልሃርዚያ ሊያጠና ዓድዋ በሄደ ጊዜ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አየ። ከፍ ብሎ ያሉት ደግሞ በሕይወት ነበሩ። እንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የሚሠራው የህዋስን ሽፋን በማፍረስ ነው፤ ከዲኤንኤ ጋር ጉዳይ የለውም፤ በውሃ ውስጥም ፈጥኖ ይበሰብሳል። በዚህ ሥራ አክሊሉና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ የምርምር ኢንስቲትዩትም ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። ቀንድ አውጣን ለመግደል በዘር ላይ ጠባሳ የማይተው መንገድ በእናቶች እጅ እንደነበረ ለዓለም የነገረው እሱ ነው፤ የይፋት እናቶችም እንዶድን ያውቁታል።

አሁን ወደ ቀንድ አውጣዋ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፤ የዘረመል ጉዳት ትልቁን ዋጋ የሚያስከፍለው ወይም የሚያስገኘው እዚያ ነው። ሚራሲዲየም ወደ ቀንድ አውጣዋ ሲገባ ጥቂት እናት ህዋሶችን ይዞ ነው። ጸጉሩን ጥሎ ከረጢት ይሆናል፤ ከረጢቱ ሌሎች ከረጢቶችን ያፈራል፤ እነሱ ሰርካሪያዎችን። ወንድና ሴት ሳይገናኙ ከአንድ ሚራሲዲየም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርካሪያዎች ይወጣሉ። ሚራሲዲየሙ ውሃ ውስጥ ሲዋኝ ፀሐይ ያቆሰለችው ህዋስ ሳይጠገን ተባዝቶ ከሆነ፣ ያ ስህተት ከዚያ ህዋስ በተገኙት እጮች ሁሉ ላይ ይገኛል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ከረጢቱ ሳያፈራ ይሞታል፤ ለወንዙ ሰው መልካም ነው። ቀላል ከሆነና ትሉን ካልጎዳው ደግሞ ተባዝቶ ወንዝ ውስጥ ይፈሳል። ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ግሬቬልዲንግ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሚራሲዲየም የመጡ፣ አንድ ዓይነት ሊሆኑ የሚገባቸው እጮች በአንዳንድ የዲኤንኤ ክፍሎች ሲለያዩ አግኝቷል። የትሉ ዘረመል በቀንድ አውጣዋ ውስጥም ረግቶ አይቀመጥም።

ትሉ ሰው ውስጥ ከገባ ጀምሮ ፀሐይ አያገኘውም። የሚያገኘው ሌላ ጠላት ነው፤ የራሱ ምግብ። ሴቷ ትል በሰዓት 330,000 ያህል ቀይ የደም ህዋሶችን እንደምትበላ ተሰልቷል። ቀይ የደም ህዋስ ሲፈጭ ሂም የሚባለውን ብረት የተሸከመ ሞለኪውል ይለቃል። ነፃ የወጣ ብረት ከኦክሲጅን ውላጆች ጋር ተገናኝቶ በዲኤንኤ ላይ የሚወረወር በጥባጭ ይፈጥራል። በተለይ ጓኒን የሚባለውን ፊደል ይለውጠዋል፤ የተለወጠው ጓኒን በቅጂ ጊዜ ከተገቢው ጓደኛው ይልቅ አዴኒን ከሚባለው ፊደል ጋር ይጣመራል፤ ከዚያ ስህተቱ ቋሚ ይሆናል። ትሉ ሂሙን ጥቁር ቡናማ ቅንጣት አድርጎ በማርጋት ይከላከላል። በሐኪም አጉሊ መነጽር በትሉ አንጀት ውስጥ የሚታየው ጠቆር ያለ ነገር ይህ ነው።

እዚህ ላይ የትሉ ድክመት ይታያል። ሰውና ከብት፣ አብዛኛው እንስሳም፣ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ የሚባለውን መርዛማ ውላጅ የሚያከሽፍ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው። የቢልሃርዚያ ትል ካታሌዝ የለውም። በሰው ዘንድ ለሁለት የተከፈለውን ሌላ የመከላከያ ሥራ ትሉ በአንድ ኢንዛይም ላይ ጥሎታል፤ ያ አንድ ኢንዛይም ከተያዘ ከኦክሲጅን ጉዳት የሚያመልጥበት በር ይዘጋል። በ2007 ኩንትዝና ባልደረቦቹ ለመገጣጠሚያ በሽታ የሚሰጠው አውራኖፊን የተባለ ወርቅ ያለበት መድኃኒት ይህን ኢንዛይም ይዞ ትሎቹን እንደሚገድል በላቦራቶሪ አሳዩ። በዚሁ ጥናት ጥንታዊው የአንቲሞኒ መድኃኒትም ያንኑ ኢንዛይም እንደሚይዝ ታየ። ያ መድኃኒት ቢልሃርዚያን እንደሚያድን በ1918 ያስታወቀው በካርቱም ይሠራ የነበረው ሐኪም ክሪስቶፈርሰን ነው። መድኃኒቱ በደም ሥር በተደጋጋሚ የሚሰጥ፣ በሽተኛውንም የሚያሰቃይ ስለነበር ተትቷል፤ ምን ይመታ እንደነበር የተገለጠው ግን ወደ ዘጠና ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የመድኃኒት ትውልድ በቀጥታ ዲኤንኤን የሚመታ ነበር። ሃይካንቶን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ተሰጠ፤ ኦክሳምኒኩዊን ተከተለው፤ በተለይም በብራዚል በሰፊው ተሰጠ። ሁለቱም ሲሰጡ በራሳቸው ኃይለኞች አይደሉም። በትሉ ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ሰልፌት ያስርባቸዋል፤ ያኔ ወደ በጥባጭነት ተለውጠው ከትሉ ዲኤንኤና ከሌሎች ሞለኪውሎች ጋር ይጣበቃሉ። ትሉ መርዙን በገዛ ኢንዛይሙ ያነቃዋል። ሃይካንቶን ሰውን በመጉዳቱ ቀረ። ኦክሳምኒኩዊን ግን ሌላ ችግር ገጠመው፤ የማይሞቱ ትሎች ተገኙ። በ2013 የወጣው የቫለንቲምና የባልደረቦቿ ጥናት ተቋቋሚና ተጋላጭ ትሎችን አዳቅሎ ምክንያቱን አገኘ። ያንን ኢንዛይም የሚሠራው ጂን ተበላሽቷል፤ ኢንዛይሙ ከሌለ መድኃኒቱ አይነቃም። ትሉ እንዲተርፍ ከአባትና ከእናት የወረሳቸው ሁለቱም የጂኑ ቅጂዎች መበላሸት አለባቸው።

የሚያሳስበው ግን በ2019 የወጣው ተከታዩ ጥናት ነው። እነዚህ የተበላሹ ጂኖች በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ በሚገኙ ትሎች ውስጥ ተሠራጭተው የሚገኙ ናቸው፤ የነበሩትም መድኃኒቱ ሳይሠራ በፊት ነው። አንድ ፊደል የሳተበት፣ ሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ቁራጭ የጠፋበት ጂን በወንዝ ውስጥ ሲንከባለል፣ ገና ያልተፈለሰፈ መድኃኒት መቋቋሚያ ይዞ ይንከባለል ነበር። ትሉን የሚገድለውና ትሉን ከመድኃኒት የሚያስመልጠው አንድ ዓይነት ክስተት ነው፤ የዲኤንኤ ጉዳት። ለዚህ ነው በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው አፍሪካ በዋናነት የሚሰጠው አንድ መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴል፣ ብቻ መሆኑ ሊያስጨንቅ የሚገባው። ፕራዚኳንቴል ዲኤንኤን አይነካም፤ በትሉ ህዋስ ሽፋን ላይ ያለ የካልሲየም በር ከፍቶ ጡንቻውን ያኮማትረዋል። ይህ በር የሚሠራውም በጂን ትእዛዝ ነው፤ ጂንም ይለወጣል።

የጨረር ጉዳት ለበጎ የዋለበት ታሪክም አለ። ሰርካሪያን በመጠኑ በጨረር መትቶ፣ ዲኤንኤውን አቁስሎ፣ ወደ እንስሳ ማስገባት ይቻላል። እጩ ቆዳ ይሰረስራል፤ ወደ ሳንባ ይጓዛል፤ ነገር ግን ህዋሶቹ መባዛት ስለማይችሉ እንቁላል ጣይ ትል ሳይሆን ይቀራል። በዚህ ጊዜ የእንስሳው የመከላከል ኃይል ጠላቱን ይለያል። በላቦራቶሪ አይጦች ላይ ይህ ዘዴ በኋላ ከሚገባው ጤነኛ እጭ ከግማሽ በላዩን አስቀርቷል። ጎረቤት ሱዳን ውስጥ ደግሞ ተመራማሪዎች የከብት ቢልሃርዚያን እጭ በዚህ መንገድ አድክመው ከብቶችን ከከተቡ በኋላ በነጭ ዓባይ አካባቢ በእውነተኛው ግጦሽና ውሃ ውስጥ ለቀው ፈትነዋል፤ ውጤቱም በ1980 ታትሟል፤ የተከተቡት ከብቶች ካልተከተቡት የተሻለ ተቋቁመዋል። ሕያው ጥገኛ እጭን በክትባትነት ለሰው መስጠት አስቸጋሪ ስለሆነ ዘዴው ለሰው አልደረሰም። ነገር ግን ክትባት የሚቻል መሆኑን ያስመሰከረው እስከ ዛሬ ይኸው የቆሰለ እጭ ነው።

ይህ ሁሉ ለይፋት ቆላ ምን ይላል?

በመጀመሪያ ውሃው። ሰርካሪያ ስንቁን ጨርሶ የሚሞተው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ ከወንዝ ወይም ከቦይ የተቀዳ ውሃ ቀንድ አውጣ በሌለበት ንጹሕ በርሜል ውስጥ ተከድኖ ሁለት ሙሉ ቀን ከቆየ ለገላና ለልብስ ከቢልሃርዚያ ነፃ ይሆናል። ቀንድ አውጣ አብሮ ከተቀዳ ግን በየቀኑ አዲስ እጭ ስለምትለቅ የቀኑ ቆጠራ ከንቱ ነው፤ ሲቀዳ በጨርቅ ማጥለል የግድ ነው። ለመጠጥ ደግሞ ሌሎች ተህዋስያን ስላሉ ማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም ያስፈልጋል። ሁለት በርሜል ያለው ቤት አንዱን ሲጠቀም ሌላው ይቆይለታል።

ሁለተኛው ቦዩ ነው። የቦይ ሣር ሲታጨድና ደለሉ ሲጠረግ ለመስኖው ውሃ መንገድ ይከፈታል፤ ይህን ገበሬው ያውቀዋል። በዚያው ሥራ ቀንድ አውጣዋ መጠለያዋን ታጣለች፤ ውሃው ፈጠን ይላል፤ የቀትሩ ጨረር እጩ ላይ ይደርሳል። ጠራጊው ግን ከረፋዱ አራት እስከ ስምንት ሰዓት ቦዩ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ማለዳ ይሻላል፤ ቦት ጫማ ካለ ደግሞ ከማለዳም ይሻላል። ለልብስ አጣቢዎችም ሰዓቱ ያው ነው። ማለዳ ከአደጋ ነፃ ባይሆንም በቀትር ከሚኖረው የእጭ ብዛት ጋር አይወዳደርም።

ሦስተኛው ክኒኑ። ፕራዚኳንቴል በኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ግራም ተመዝኖ ይሰጣል፤ ጎልማሳውን ትል ይመታል፤ ከገባ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የሆነውን ለጋ ትል ግን እምብዛም አይነካውም። በመስኖ ወቅት መካከል ክኒን የወሰደ ልጅ በሰውነቱ ያለው ለጋ ትል ከወር በኋላ አድጎ ሊገኝ ይችላል፤ መድኃኒቱ ሐሰተኛ ስለሆነ አይደለም። ከህክምና በኋላ ሰገራ እንደገና መመርመር ሁለት ጥቅም አለው። ለልጁ ጤና ነው፤ ደግሞም መድኃኒት የማይበግረው ትል ብቅ ካለ ቀድሞ የሚታየው በዚህ ምርመራ ብቻ ነው። እንቁላሉ ወደ ውሃ ካልደረሰ ሚራሲዲየም የለም፤ የመጸዳጃ ቤት ነገር ከሁሉ በፊት መሆኑን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሲናገሩ የኖሩት ስለዚህ ነው።

ለሳይንስ መምህራንና ለተመራማሪዎች ደግሞ በዚህ አካባቢ ክፍት የሆነ ሥራ አለ። በአንድ ቦይ ላይ የጠራውንና የደፈረሰውን፣ ጥላ ያለበትንና የሌለበትን፣ የበጋውንና የክረምቱን ውሃ ለይቶ በየሰዓቱ የሚወጣውን ሰርካሪያ መቁጠር ይቻላል። መብራት ሥር የተቀመጠች ቀንድ አውጣ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ እጭ ስትለቅ በተራ አጉሊ መነጽር ይታያል፤ ይህን የሚሠራ ሰው የጎማ ጓንት ማድረግ አለበት። በድንጋይ ሥር የሚኖር ፕላናሪያ በተገኘበት ምንጭ ደግሞ፣ የእርሻ ኬሚካል ከሚገባበት በላይና በታች ያሉትን ትሎች ዲኤንኤ በጅራታም ኮከብ ዘዴ አነጻጽሮ ማሳው ወደ ወንዙ ምን እንደሚለቅ ማወቅ ይቻላል። የመጀመሪያው ሥራ የሚጠይቀው ሰዓት፣ ብርጭቆና አጉሊ መነጽር ስለሆነ በሸዋ ሮቢት ባለ ትምህርት ቤት ሊጀመር ይችላል፤ ሁለተኛው ጄልና የኤሌክትሪክ መሣሪያ ስለሚፈልግ በደብረ ብርሃን ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ መሠራት አለበት።